ዲግሪውና የሥራ መደቡ፦ ኖርዌይ የውሃ ባለሙያዎቿን ያቆየችበት መንገድና የኢትዮጵያ ልምድ

በኦገስት 2023 መጀመሪያ «ሃንስ» የተባለው የዝናብ ማዕበል በደቡብ ኖርዌይ ሲያልፍ፣ በኦስሎ ማዮርስቱዌን ሰፈር የሚገኘው የውሃ ሀብትና የኃይል ዳይሬክቶሬት ከፍተኛውን የአደጋ ደረጃ፣ ማለትም ቀዩን የጎርፍ ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉ ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ኦገስት 9 ቀን በግሎማ ወንዝ ላይ የተሠራው የብራስኬሬይድፎስ የኃይል ማመንጫ በሮች በጊዜው ሳይከፈቱ ቀሩ፤ ውሃው በግድቡ ላይ ፈሰሰ፤ ከግድቡም ከፊሉ ተደረመሰ። ማስጠንቀቂያ ያልተከፈተ በር አይከፍትም። የጎርፉን መጠን አስቀድሞ መገመት የተቻለው ግን በኮምፒውተር ብልጠት ብቻ አልነበረም። ስሌቱ የቆመው ከመቶ ዓመት በላይ ሳይቋረጡ በተጻፉ የወንዝ ከፍታ ቁጥሮች ላይ ነው፤ እነዚህን ቁጥሮች ደግሞ የጻፏቸው፣ ያረሟቸውና የጠበቋቸው ሰዎች ናቸው።

የልማት ዕርዳታ ሰነዶች ስለ ውሃ ዘርፍ የሰው ኃይል ሲናገሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጥሩት የሠለጠነውን ሰው ብዛት ነው፤ ስንት ማስተርስ፣ ስንት ዶክትሬት፣ ስንት የአጭር ጊዜ ኮርስ። የሠለጠነው ሰው ከአሥር ዓመት በኋላ በየትኛው መደብ፣ በየትኛው ወንዝ ላይ፣ በምን ደመወዝ እንደሚሠራ የሚጠይቅ ሠንጠረዥ ብዙም አይገኝም። ኖርዌይ ለኢትዮጵያ ከሰጠቻቸው ነገሮች ሁሉ በብዛት የሰጠችው ሥልጠናን ነው። ለራሷ የውሃ መሥሪያ ቤት የሠራችው ግን ከሥልጠና የተለየ ነገር ነበር፤ ሥልጠናውን አስቀድሞ ከተዘጋጀ የሥራ መደብ ጋር አሰረችው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለምን ይህን ያህል እንደሚያስከፍል የሚታየው ወደ ኋላ ሄደው ታሪኩን ሲመለከቱ ነው።

የኖርዌይ የውሃ አስተዳደር የተጀመረው በኤሌክትሪክ አይደለም። በ1804 የካናል መሥሪያ ቤት ሲቋቋም የወንዞቹ ጥቅም ግንድ ማንሳፈፍና ጀልባ ማመላለስ ነበር። ጎርፍ ግን ከዚያም በፊት የሕዝቡ ትዝታ ውስጥ ገብቷል። በ1789 የደረሰውና «ስቱሮፍሰን» እየተባለ የሚጠራው ጎርፍ በምሥራቃዊው የአገሪቱ ክፍል ታላቅ ጥፋት አድርሷል፤ በኤልቨሩም አቅራቢያ ግሪንዳለን በሚባል ስፍራ ውሃው የደረሰበትን ከፍታ የሚያሳይ ምልክት ያለበት ዓምድ እስከ ዛሬ ቆሟል፤ ከዚያ በኋላ የመጡት ትላልቅ ጎርፎችም በዚያው ዓምድ ላይ ተመዝግበዋል። ይህ ዓምድ የሕዝብ መዝገብ ነው፤ ቁጥሩን ግን በየዕለቱ የሚጽፍ ሰው ሲገኝ ነው ሳይንስ የሚሆነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ በወንዞቹ ዳር የከፍታ መለኪያ እንጨቶች ተተከሉ፤ ያነበቧቸውም በአብዛኛው በዚያው የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ። በ1895 በካናል መሥሪያ ቤቱ ሥር ራሱን የቻለ የሃይድሮሎጂ ክፍል ተቋቋመ። አገሪቱ በዚያን ጊዜ ከስዊድን ጋር በአንድ ንጉሥ ሥር ነበረች፤ ዋና ከተማዋም ገና ክሪስቲያኒያ ትባል ነበር። ነጻነት የመጣው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው፤ ኦስሎ የሚለው ስም ደግሞ በ1925 ተመልሷል። እንግዲህ የወንዙ መለኪያ ከባንዲራው ቀደመ ማለት ነው።

የዚህን ሥራ ጠባይ ያልተረዳ ሰው የባለሙያው ቆይታ ለምን እንደሚያስጨንቅ አይገባውም። ወንዝ ዳር የተተከለው መለኪያ የሚናገረው ከፍታን ብቻ ነው፤ ስንት ሜትር ኩብ ውሃ በሰከንድ እንደሚያልፍ አይናገርም። ይህን ለማወቅ ባለሙያው ወደ ወንዙ ወርዶ፣ በጀልባ ወይም በተዘረጋ ገመድ ተሻግሮ፣ በተለያየ ጥልቀትና በተለያየ ስፍራ የውሃውን ፍጥነት ይለካል። በበጋ ይለካል፤ በክረምት ይለካል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ወንዙ ሞልቶ ማንም ሊጠጋው በማይወድበት ሰዓት ይለካል። ከነዚህ ልኬቶች ከፍታን ወደ ፍሰት የሚለውጥ መስመር ይወጣል። መስመሩ ግን ዘላለማዊ አይደለም። ደለል ሲከመር፣ ዳርቻው ሲናድ፣ ድልድይ ሲሠራ የወንዙ ወለል ይለወጣል፤ ያን ጊዜ የትናንቱ መስመር የዛሬውን ወንዝ በሐሰት ይመሰክርበታል። ስለዚህ ጣቢያውን የሚያውቅ፣ ባለፈው ዓመት መስመሩ የት ላይ እንደተጣመመ የሚያስታውስ ሰው ያስፈልጋል። በየሁለት ዓመቱ የሚቀያየር ሠራተኛ ቁጥር መሰብሰብ ይችል ይሆናል፤ የቁጥሩን ስሕተት ግን ሊያውቅ አይችልም።

ኖርዌይ ይህን ዓይነት ሰው ለማግኘት የሄደችበት መንገድ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። በትሮንሄይም የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት እስከ ተከፈተበት እስከ 1910 ድረስ ከፍተኛ የምህንድስና ትምህርት የፈለገ ኖርዌያዊ ባሕር መሻገር ነበረበት። ብዙዎቹ ወደ ጀርመንና ወደ ስዊዘርላንድ ሄዱ። በ1905 ኖርስክ ሂድሮን ከመሠረቱት አንዱ የሆነው ሳም ኤይደ የተማረው በበርሊን ነበር፤ ሁለት ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ጉናር ክኑድሰን ደግሞ በስዊድን ዮተቦርይ። ከተማሩት ውስጥ ቁጥራቸው ቀላል ያልሆነ ወደ አሜሪካ ተሻግረው ድልድይና ዋሻ ሠሩ። ታሪክ ጸሐፊው ኬነት ብዮርክ በ1947 ባሳተመው መጽሐፉ የእነዚህን ስደተኛ መሐንዲሶች ታሪክ በሰፊው ዘግቧል። ከሄዱት ከፊሎቹ በዚያው ቀሩ፤ ሌሎቹ ተመለሱ። የተመለሱት የበለጠ አገር ወዳዶች ስለሆኑ ነው ማለት ይከብዳል። ከ1905 በኋላ በነበሩት ዓመታት ፏፏቴዎቹ ሲገነቡ በአገር ቤት ሥራ ነበረ፤ በ1920ዎቹ ኢኮኖሚው ሲወድቅ ደግሞ መሐንዲሶች እንደገና መርከብ ተሳፈሩ። ሰው የሚሄደውም የሚመለሰውም ወደ ሥራ መደብ ነው።

ወሳኙ ነገር የተከናወነው በፓርላማ ነበር። በምዕተ ዓመቱ መባቻ ከለሙት ፏፏቴዎች አብዛኞቹ በውጭ ባለሀብቶች እጅ ነበሩ። በ1906 በጥድፊያ የወጣውና ለዚህም «የድንጋጤ ሕግ» የተባለው ሕግ፣ ቀጥሎም በ1909 እና በ1917 የወጡት የፍቃድ ሕጎች ፏፏቴ መግዛትና ወንዝ መገደብ የመንግሥት ፍቃድ የሚጠይቅ እንዲሆን አደረጉ። የግል ኩባንያ የሠራው ግድብና ማመንጫ የፍቃዱ ዘመን ሲያበቃ ያለ ካሳ ለመንግሥት ይመለሳል። ክኑድሰንና የፍትሕ ሚኒስትሩ ዮሃን ካስትበርግ በዚህ ሥራቸው በሰፊው ይታወሳሉ። ከዚህ ሕግ ብዙም የማይነገርለት አንድ ገጽታ ግን ለውሃ ሳይንቲስቶች ከማንኛውም የትምህርት ፖሊሲ የበለጠ ጠቅሟል። ፍቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት የወንዙን ፍሰት ከአመልካቹ ኩባንያ በተሻለ ማወቅ ነበረበት፤ አለዚያ ፍርዱ የባዶ ሜዳ ፍርድ ይሆናል። ስለዚህ የሃይድሮሎጂ ሠራተኛው የሕግ አስፈጻሚ ሆነ። ፍቃድ የተቀበለውም አካል በሚገድበው ወንዝ ላይ የልኬት ጣቢያ እንዲያቆምና ወጪውን እንዲሸፍን የፍቃዱ ውል ያስገድደዋል፤ ይህ አሠራር እስከ ዛሬ አለ። ግድብ በተጨመረ ቁጥር የልኬት ጣቢያ ይጨመራል፤ ጣቢያ በተጨመረ ቁጥር የሚከታተለው ሰው ያስፈልጋል። የሠራተኛው ደመወዝ በየዓመቱ ከሚለዋወጥ የበጀት ልመና ተላቆ ከግድቡ ዕድሜ ጋር ተያያዘ።

በ1921 ልዩ ልዩዎቹ ክፍሎች ተዋሕደው ዛሬ በኖርዌይኛ ምኅፃሩ ኤንቬኤ እየተባለ የሚጠራው ተቋም ተመሠረተ። ለረጅም ጊዜ ግድብ ሠሪም፣ ተቆጣጣሪም፣ ለኪም እርሱ ነበር። በ1986 የመንግሥት የኃይል ማመንጫዎች ስታትክራፍት በሚል ስም ተለይተው ሲወጡ ልኬቱና ቁጥጥሩ በነበሩበት ቀሩ። ገንዘብ የሚያፈራው ክንፍ ሲሄድ ቁጥር የሚጽፈው ክንፍ አብሮ እንዳይበተን ማድረግ ቀላል ውሳኔ ይመስላል፤ አዲስ አበባ ውስጥ የመሥሪያ ቤት መዋቅር ሲለወጥ የታዘበ ሰው ግን ቀላል እንዳልሆነ ያውቃል።

አንድ ነገር ይጨመር። በኖርዌይ የመንግሥት አገልግሎት መሐንዲስ የሚያድግበት መሰላል ከአለቅነት መሰላል የተለየ ነው። ከክፍል መሐንዲስነት ወደ ከፍተኛ መሐንዲስነት፣ ከዚያም ወደ ዋና መሐንዲስነት የሚያደርስ የማዕረግ ቅደም ተከተል አለ፤ ይህን ለመውጣት ግን ቡድን መምራት ግዴታ አይደለም። ስለ በረዶ ግግር ወይም ስለ ደለል ሠላሳ ዓመት ያጠና ሰው የሰው ኃይል ቅጽ ሳይፈርም በማዕረግም በደመወዝም ሊያድግ ይችላል። ደመወዙ ከግል ኩባንያ ያነሰ ነው፤ ለዚህም በየዘመኑ የሚለቁ አሉ። የሚቀረው ግን ስለቀረ አይቀጣም።

ኢትዮጵያ ይህን ጉዞ የጀመረችው ባዶ እጇን አልነበረም። በ1956 በሥራ ሚኒስቴር ሥር የውሃ ሀብት መምሪያ ተቋቋመ። በቀጣዩ ዓመት ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በተደረገ ስምምነት የአሜሪካ የመሬት ልማት ቢሮ የዓባይን ተፋሰስ ማጥናት ጀመረ። ጥናቱ በ1964 ሲጠናቀቅ 33 የመስኖና የኃይል ፕሮጀክቶችን ዘርዝሯል፤ ከነዚህም ካራዶቢ፣ ማቢል፣ ማንዳያና ድንበር የተባሉት አራቱ በዋናው ወንዝ ላይ የሚሠሩ ግድቦች ነበሩ። ብዙ ሰው ከዚህ ጥናት የሚያስታውሰው ግድቦቹን ነው። ከግድቦቹ በፊት ግን በጣና ዙሪያና በዓባይ ገባሮች ላይ የከፍታ መለኪያዎች ተተክለዋል፤ በየመለኪያው ዳርም በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ፣ ቁጥሩን አንብቦ በመዝገብ የሚጽፍ የአካባቢው ሰው ተቀጥሯል። ዛሬ ስለ ዓባይ የሚጻፍ የዶክትሬት ጽሑፍ ሁሉ፣ በኦስሎም ይጻፍ በባሕር ዳር፣ ከእነዚያ ሰዎች መዝገብ ይቀዳል።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የስም መቀያየር ታሪክ ነው። በ1962 የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን፣ በ1971 ብሔራዊ የውሃ ሀብት ኮሚሽን፣ በደርግ ዘመን እንደገና የተዋቀረ ኮሚሽን፣ በ1995 የውሃ ሀብት ሚኒስቴር፣ በ2010 የውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር፣ ከዚያም መስኖ የተጨመረበት፣ ኤሌክትሪክ የተጨመረበት፣ በ2021 ደግሞ መስኖው ተቀንሶ ወደ ውሃና ኢነርጂ የተመለሰው ሚኒስቴር። በጎን በኩል በ2008 የዓባይ ተፋሰስ ባለሥልጣን ባሕር ዳር ላይ ተቋቁሞ ነበር፤ በ2018 የተፋሰሶች ልማት ባለሥልጣን የሚባል አገር አቀፍ ተቋም ተተካ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ እርሱም ሚኒስቴሩ ውስጥ ተጠቃለለ። እያንዳንዱ ለውጥ የራሱ ምክንያት ነበረው፤ አንዳንዱም ጥሩ ምክንያት ነበረው። ለባለሙያው ግን መዋቅር በተለወጠ ቁጥር መደቡ ይታጠፋል፤ እንደገና ይወዳደራል፤ እንደገና ይመደባል፤ የደረጃ ዕድገት ተራው ከዜሮ ይጀምራል። በ2000ዎቹ አጋማሽ «ቢፒአር» እየተባለ የተካሄደው የአሠራር ለውጥ በብዙ መሥሪያ ቤቶች የተወውን የምደባ ትዝታ አንባቢው አይረሳውም። ተቋሙ ራሱን በየአምስት ዓመቱ የሚያፈርስ ከሆነ የ20 ዓመት የሥራ ዕቅድ ለሠራተኛው የት ይጻፋል?

ሥልጠናው በበኩሉ አልተቋረጠም። በ1986 የአርባ ምንጭ የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተከፈተ፤ በ2004 ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ለብዙ ዓመታት የአገሪቱ የውሃ መሐንዲስ ማለት የአርባ ምንጭ ምሩቅ ማለት ነበር፤ በየክልሉ የውሃ ቢሮ ገብቶ ለመጠየቅ የሞከረ ሰው ይህን ያውቃል። ከዚያ የላቀውን ትምህርት ለማግኘት ወደ ሆላንድ ደልፍት፣ ወደ አየርላንድ ጎልዌይ፣ ወደ ሕንድ ሩርኪ፣ በደርግ ዘመን ደግሞ ወደ ሶቪየት ኅብረት ይኬድ ነበር። ከእነዚህ መዳረሻዎች አንዱ ትሮንሄይም ነው። ጀርመን ሄደው የተማሩት ኖርዌያውያን የሠሩት ትምህርት ቤት በተራው ከአፍሪካና ከእስያ ለመጡ መሐንዲሶች በውሃ ኃይል ልማት ማስተርስ ሲያስተምር፣ ኢትዮጵያውያን በዚያ ክፍል ውስጥ አልጠፉም። ኦስሎ አቅራቢያ ኦስ ላይ የሚገኘው የግብርና ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በኖርዌይ የልማት ትብብር ድርጅት ኖራድ ገንዘብ ከመቀሌና ከሐዋሳ ጋር ለዓመታት የቆየ ትብብር ነበረው።

ኖርዌይ ለውጭ ተማሪዎች ያዘጋጀችው የድጋፍ ሥርዓት የሰውን መመለስ ፈጽሞ ያልታሰበ አላደረገውም። በ1994 የተጀመረው «ኮታ» የተባለው መርሐ ግብር ለተማሪው ብድርና ስጦታ ቀላቅሎ ይሰጥ ነበር፤ ትምህርቱን ጨርሶ ወደ አገሩ በቋሚነት ከተመለሰ ብድሩ ይሰረዝለታል፤ ካልተመለሰ ይከፍላል። ኢትዮጵያም በበኩሏ ለትምህርት የሚሄደውን ሠራተኛ ዋስ አስጠርታ የአገልግሎት ግዴታ ታስፈርማለች። ሁለቱም አገሮች ሰውየውን ለመመለስ የዘረጉት ገመድ ዕዳ ነበር። ዕዳ ሰውን እስከ በሩ ድረስ ሊያደርሰው ይችላል። ከበሩ ወዲያ ያለው ክፍል ግን የዚያው የአሠሪው መሥሪያ ቤት ጉዳይ ነበር፤ ተመላሹም የሃይድሮሊክስ ማስተርሱን ይዞ ሲገባ ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው ከመሄዱ በፊት የነበረው ጠረጴዛ ነበር፤ የልኬት ጀልባ የለም፤ ለመስክ የሚወጣ መኪና የለም፤ የሚያድግበት መንገድ ከተፈለገ የቡድን መሪ፣ ከዚያም ዳይሬክተር መሆን ነው። ወንዝ የሚለካው ሰው እንዲያድግ ወንዝ መለካቱን መተው አለበት።

እዚህ ላይ ብዙም የማይስተዋል ነገር አለ። በኢትዮጵያ ከውሃ ጋር የተያያዘ ግልጽ የሙያ መሰላል ያለው ተቋም አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ዩኒቨርሲቲ ነው። ከረዳት ምሩቅነት እስከ ሌክቸረርነት፣ ከረዳት ፕሮፌሰርነት እስከ ፕሮፌሰርነት ያለው ደረጃ ከአለቅነት ጋር ሳይምታታ ተጽፎ ተቀምጧል። ከ1990ዎቹ በኋላ ዩኒቨርሲቲዎች ከሁለት ሦስት ተነሥተው ከአርባ በላይ ሲሆኑ፣ ከ2008 ጀምሮም ሰባ በመቶው ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲገባ ሲወሰን፣ የውሃ ምህንድስና ትምህርት ክፍሎች በየቦታው በቀሉ፤ መምህርም ፈለጉ። ማስተርስ ያለው ሰው ወደዚያ መሄዱ የሚያስወቅሰው አይደለም። ውጤቱ ግን ግራ የሚያጋባ ሆነ። ስለ ጣና ገባሮች ፍሰት የሚጻፉ የምርምር ጽሑፎች በዙ፤ ጽሑፎቹ የሚመኩበትን መለኪያ የሚጠብቁ ሰዎች ግን አልበዙም። የአንድ ጣቢያ ቁጥር አሥር ሞዴል ይመገበዋል፤ ጣቢያው ክረምት ላይ የተለካው መቼ እንደሆነ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

በዚህ መካከል ከኖርዌይ ሳይሆን ከጃፓን የመጣ አንድ ሙከራ ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። በ1998 በአዲስ አበባ የተጀመረውና በጃፓን የልማት ትብብር ድርጅት ጃይካ የተደገፈው የውሃ ቴክኖሎጂ ማዕከል፣ አዲስ ተመራቂ ሳይሆን አስቀድሞ በክልል ቢሮ ተቀጥሮ ጉድጓድ የሚያስቆፍረውን ሠራተኛ ነበር የሚያሠለጥነው። ሠልጣኙ ከመደቡ መጥቶ ወደ መደቡ ይመለሳል። ማዕከሉ ከ15 ዓመት በኋላ፣ በ2013፣ በኢትዮጵያ መንግሥት ደንብ የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆነ። የከርሰ ምድር ውሃ ሥልጠና ነው፤ ዲግሪ አይሰጥም ነበር፤ ዝናውም ከውጭ ዲግሪ ጋር አይወዳደርም። ነገር ግን ከውጭ የትምህርት ዕድሎች በተለየ የተሠራው በሥራው ዙሪያ ነው፤ ለጋሹ ሲወጣም ተቋሙ ቀረ።

ጉዳዩ የሠራተኛ አስተዳደር ጥያቄ ብቻ ሆኖ ቢቀር ይህን ያህል ባላነጋገረ ነበር። በ2011 የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ግንባታ ሲጀመር የወንዝ ቁጥር የዲፕሎማሲ መሣሪያ ሆነ። ዓለም አቀፉ የባለሙያዎች ቡድን በ2013 ሪፖርቱን ሲያቀርብ፣ በ2015 ካርቱም ላይ የመርሆዎች ስምምነት ሲፈረም፣ በ2019 መገባደጃና በ2020 መጀመሪያ ዋሽንግተን ላይ ድርድር ሲካሄድ፣ የክርክሩ እምብርት የነበሩት ጥያቄዎች የሃይድሮሎጂ ጥያቄዎች ነበሩ። በድንበሩ ላይ በዓመት በአማካይ ወደ 49 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚያልፈው ውሃ ምን ያህል ሲቀንስ ነው ድርቅ የሚባለው? ስንት ተከታታይ ደረቅ ዓመታት ሲመጡ ነው የተራዘመ ድርቅ የሚሆነው? ከየትኛው ዘመን መዝገብ ነው አማካዩ የሚወሰደው? ግብፅ ወደ ጠረጴዛው የመጣችው ከ19ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ ያልተቋረጠ የዓባይ ልኬት ባለው የመስኖ ሚኒስቴሯ ትከሻ ላይ ቆማ ነው። የኢትዮጵያ ተደራዳሪዎች ያለቻቸውን ጥቂት ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች ይዘው ተከራከሩ፤ ያላቸውን መዝገብም ይዘው። ግድቡ በሴፕቴምበር 2025 ተመርቆ ሥራ ሲጀምር ጥያቄው አላበቃም፤ እንዲያውም ከእንግዲህ በየዓመቱ ክረምት ሲመጣ ይነሣል። የግድቡን በሮች የሚያዝዘው ሰው ከላይ ስንት ውሃ እየመጣ እንደሆነ የሚነግረው ባለሙያ ያስፈልገዋል፤ በጥቅምት ካርቱም ጎርፍ ቢያነሣ ደግሞ ያን ቁጥር አውጥቶ የሚያሳይ።

ኖርዌይም ብትሆን ራሷን ነጻ ማውጣት አትችልም። የወንዙ ሰዎች ቢቆዩላትም የቧንቧው ሰዎች አንሰውባታል። በ2007 በኦስሎ የመጠጥ ውሃ ውስጥ ጥገኛ ተሕዋስያን ተገኝተው ነዋሪው ውሃ እያፈላ እንዲጠጣ ታዝዞ ነበር። በ2019 በርገን አጠገብ አስኮይ በምትባል ደሴት በተበከለ የውሃ ማጠራቀሚያ ምክንያት ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ታመሙ። ትናንሽ ማዘጋጃ ቤቶች የውሃ መሐንዲስ ማስታወቂያ አውጥተው አመልካች የሚያጡበት ጊዜ ብዙ ነው። በዚህም ምክንያት ከውጭ የመጣ፣ በተለይም በዚያው ማስተርሱን የሠራ የውሃ ባለሙያ በኖርዌይ ሥራ ማግኘቱ አያስገርምም። ኢትዮጵያ ለሠላሳ ዓመት ሥራ ያሰበችውን ሰው ኖርዌይ ለራሷ ክፍት መደብ አገኘችው። ክፋት አይደለም፤ መደቡ ያለው እዚያ ነው።

በሩም እየጠበበ ነው። የኮታ መርሐ ግብሩ በ2016 አዲስ ተማሪ መቀበሉን አቆመ፤ በምትኩ የመጡት መርሐ ግብሮች የተቋማት ትብብር ላይ ያተኩራሉ። ከ2023 መኸር ጀምሮ ደግሞ ከአውሮፓ ኢኮኖሚያዊ ቀጣና ውጭ የሚመጣ ተማሪ በኖርዌይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ክፍያ እንዲጠየቅ ተደረገ፤ የአዳዲስ ተማሪዎቹ ቁጥርም ወዲያው በእጅጉ አሽቆለቆለ። በነጻ ትምህርት የሚታወቀው ትሮንሄይም ለአዲስ አበባ ወጣት መሐንዲስ የሩቅ ሕልም ሆነ። ይህን እንደ ኪሳራ ብቻ የሚቆጥሩ አሉ። ነገር ግን ትምህርቱ በነጻ ይገኝ በነበረበት ዘመን ሁሉ ያልተጠየቀው ጥያቄ አሁን በግድ ይነሣል፤ አገሪቱ ከፍላ የምታስተምረው አሥር ሰው ቢኖር፣ አሥሩን ለየትኛው ጣቢያ፣ ለየትኛው ግድብ ነው የምታስተምረው?

መልሱ የሚጀምርበት ሕግ በኢትዮጵያ አለ። በ2000 የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 ውሃ ለመጠቀም ፍቃድ እንዲያስፈልግና ክፍያ እንዲጠየቅ ይፈቅዳል። ከፍቃዱ ውል ውስጥ የልኬት ጣቢያና የሠራተኛ ወጪ እንዲካተት ማድረግ ኖርዌይ ከመቶ ዓመት በፊት የሠራችው ሥራ ነው፤ ያን ጊዜ ኖርዌይ ሀብታም አገር አልነበረችም፤ ነዳጅም አላገኘችም። ልዩነቱ የኢትዮጵያ ትላልቅ ግድቦች ባለቤት ራሱ መንግሥት መሆኑ ነው። መንግሥት ራሱን ፍቃድ ጠያቂ አድርጎ የራሱን የኃይል ድርጅት ለራሱ የውሃ ለኪ ክፈል ሲለው ማየት በአዲስ አበባ ቢሮክራሲ ውስጥ የተለመደ አይደለም። የኃይል ድርጅቱ በጀት አለው፤ ሚኒስቴሩ ኃላፊነት አለው። ሁለቱ የተለያዩ ሕንፃዎች ናቸው። በኖርዌይ ግን ስታትክራፍት የመንግሥት ሆኖ ሳለ እንደማንኛውም ባለፍቃድ ለጣቢያዎቹ ይከፍላል።

በባሕር ዳር ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ስፍራ የጨረጨራ ግድብ በ1996 ሁለት በሮች ይዞ ተሠራ፤ በ2001 አምስት ተጨመሩለት። ከ2010 ጀምሮ ደግሞ የጣና በለስ ዋሻ ከሐይቁ ውሃ ወስዶ ወደ በለስ ወንዝ ያፈሳል። ከግድቡ በታች ያለው የባሕር ዳር መለኪያ፣ ከ1950ዎቹ መጨረሻ አንሥቶ የተፈጥሮን ውሃ ሲለካ የነበረው፣ አሁን የሚለካው በሮቹን የከፈተውን ሰው ውሳኔ ነው። የድሮውንና የአዲሱን መዝገብ ለማያያዝ በየትኛው ቀን ስንት በር እንደተከፈተ፣ መለኪያው በየትኛው ክረምት እንደገና እንደተለካ፣ ከዋሻው ስንት እንደወጣ የሚያውቅ ሰው ይፈለጋል። ያን የሚያውቁት ባለሙያዎች አንዳንዶቹ ጡረታ ወጥተዋል፤ አንዳንዶቹ ያስተምራሉ፤ አንዳንዶቹም በውጭ አገር ለሌላ ከተማ ይሠራሉ።